ወፎችን ለይቶ ስለ ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች መካከል ተመርጬ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ በሚገባ ስለ ገለጹ፥ እኔ ያንኑ ደግሜ ጊዜያችሁን ለመውሰድ አልፈልግም። የእኔ ርእስ ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም በየቀኑ በራሳችን ላይ የሚበሩትን፥ በጣራችን ላይ የሚያርፉትንና በመንገዳችን ዳር የሚለቅሙትን ወፎች ጀማሪ ሰው እንዴት ለይቶ ሊያውቃቸው ይችላል የሚል ነው።

ይህን ስትሰሙ «ወፍ ወፍ ነው፤ ምን መለየት ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው የምመልሰው በጥያቄ ነው። ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል «ግመል ግመል ነው» የሚል ሰው አለን? አባቶቻችን የራሳቸውን ግመል ከሌላው ሰው ግመል በቀለሙ፥ በአረማመዱ፥ በምልክቱና በእናቱ ለይተው ያውቃሉ። እኔ ባደግሁበት በገላፊ ኬላ ደግሞ ልጆች የሚመጣውን የጭነት መኪና ገና ሳያዩት በሞተሩ ድምፅ ብቻ ስሙን ይጠራሉ። እንግዲህ ዓይንም ጆሮም አለን፤ የማስተዋልም ችሎታ አልጐደለንም። የጐደለን ነገር ቢኖር ለግመልና ለመኪና የሰጠነውን ትኩረት ለወፎችም መስጠት ብቻ ነው።

በተራ ንግግራችን ትልቁን ሁሉ አሞራ፥ ትንሹን ሁሉ ወፍ ብለን እናልፈዋለን። ቋንቋችን ግን እንዲህ ድኻ አይደለም። ንስር፥ ጭልፊት፥ ጆፌ፥ ቁራ፥ ጉጉት፥ ርግብ፥ ዋኖስ፥ ጅግራ፥ ቆቅ፥ ሰጎን፥ ሽመላ፥ ይብራ፥ ድንቢጥ፥ ግንደ ቆርቁር፥ አባ ኮዳ የሚሉትን ስሞች ያወጡልን በትምህርት ቤት ደጃፍ ያላለፉ ግን ዓይናቸውን የከፈቱ ሰዎች ናቸው። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የኖኅን ታሪክ ስንማር፥ ኖኅ ከመርከቡ አስቀድሞ ቁራን ኋላም ርግብን እንደ ላከ ሰምተናል። ቁራ ጥንብ የሚበላ ስለ ሆነ በውኃ ላይ ከተንሳፈፈው ሬሳ ምግቡን ሊያገኝ ይችላል፤ ርግብ ግን ፍሬ ለቃሚ ስለ ሆነች ደረቅ ምድር ያስፈልጋታል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው የርግቢቱን መመለስና መቅረት አይቶ ምንም ነገር ለመረዳት ባልቻለ ነበር። ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው እንግዲህ ስም ለመደርደር ሳይሆን ወፉ የሚነግረንን ለመስማት ነው።

ይህን ጉዳይ ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገኝም። በአፋር ዳጉ የሚባል ታላቅ ልማድ አለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ጉዳያቸውን ገታ አድርገው ያዩትንና የሰሙትን ለእርስ በርሳቸው ያካፍላሉ። የት አየህ? መቼ አየህ? ምን ሲያደርግ ነበር? በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ ከሌላ ሰው የሰማኸው? ብለው ይጠያየቃሉ። ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ክብሩን ያጣል። ወፍን ለይቶ የማወቅ ትምህርትም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ዛሬ በብዙ ሰዎች ስልክ ላይ የሚገኘው መርሊን የሚባለው የወፍ መለያ እንኳ ጀማሪውን የሚጠይቀው፥ የት አየኸው፥ መቼ አየኸው፥ መጠኑ ምን ያህል ነው፥ ቀለሙ ምንድን ነው፥ ምን ያደርግ ነበር እያለ ነው። ይህም ዳጉ ማለት ነው። አባቶቻችን ከስልኩ በፊት ያውቁት ነበር።

አሁን ደግሞ የምንኖርበት አገር ለዚህ ትምህርት እንዴት ያለ መልካም ስፍራ እንደ ሆነ በጥቂቱ ልግለጽ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአገራችን በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተው ተመዝግበዋል። በ1966 በተቋቋመው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ብቻ ከ450 በላይ ይገኛሉ። የአዋሽ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በረሓውን አቋርጦ፥ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ወንዝ፥ ረግረግ፥ የግራር ዱር፥ የሣር ሜዳ፥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ጨዋማ ሐይቅ እናገኛለን፤ ለያንዳንዱም ስፍራ የራሱ ወፍ አለው። ከዚህም በላይ የምንኖረው በታላቅ የወፎች ጐዳና አጠገብ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች በመከር ወራት ከየመን ተነሥተው በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ላይ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። በ1987 መከር በዚያ ስፍራ ቆመው የቈጠሩ ሰዎች ወደ 246 ሺህ የሚደርሱ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ መዝግበዋል። በገላፊ ኬላ የሚያልፈው መኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከበላያችን ያለ ፓስፖርት የሚያልፍ ብዙ መንገደኛ አለ።

እንግዲህ ጀማሪው ከየት ይጀምር? ብዙ ሰው ወፍ ሲያይ አስቀድሞ የሚይዘው ቀለሙን ነው። እኔ ግን ቀለምን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ምክንያቱንም ኋላ እገልጻለሁ።

አንደኛው ነገር መጠን ነው። በመጀመሪያ በደንብ የምታውቋቸውን አራት ወፎች እንደ መለኪያ ያዙ፤ ድንቢጥ፥ ርግብ፥ ቁራና ንስር። አዲስ ወፍ ባያችሁ ጊዜ «ከድንቢጥ ይበልጣል፥ ከርግብ ያንሳል» በሉ። ነገር ግን በሜዳችን ላይ የቀትር ሙቀት አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ዓይን በቀላሉ ይታለላል፤ ቆቋ ሰጎን፥ ሰጎኑም ግመል መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ወፉን አጠገቡ ካለ ከሚታወቅ ነገር፥ ከፍየል ወይም ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋር አስተያዩት። ከሁሉም የሚሻለው ጠዋት ማለዳ ወይም ወደ ማታ መውጣት ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፥ ወፎችም ሥራ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ቅርጽ ነው። አፉን ተመልከቱ፤ የወፍ አፍ የሥራ መሣሪያው ነው። አጭርና ወፍራም አፍ ያለው እህል ሰባሪ ነው፤ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አፍ ያለው ሥጋ ቀዳጅ ነው፤ እንደ ጦር የረዘመ አፍ ያለው ዓሣ ወጊ ነው። ፍላሚንጎ ደግሞ ራሱን ወደ ታች ገልብጦ ጨዋማውን ውኃ በአፉ እያጠለለ ይመገባል። ከዚያ በኋላ ጅራቱን ተመልከቱ። ለምሳሌ ቁራን እንውሰድ። ሁላችንም ቁራ የምንለው አንድ ወፍ አይደለም። ደረቱና አንገቱ ላይ እንደ ነጠላ ያለ ነጭ ያለበት አለ። መላ አካላቱ ጥቁር ሆኖ ሲበር ጅራቱ እጅግ ከማጠሩ የተነሣ ክንፍ ብቻ የሚመስል አለ፤ ይህ በገደልና በድንጋያማ ስፍራ ያለው ነው። አንገቱ ወደ ቡናማ የሚያደላና ጅራቱ የረዘመ የበረሓ ቁራም አለ። በደጋ ያደጋችሁ ደግሞ አፉ እንደ መጥረቢያ የወፈረና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ታውቃላችሁ። በጅቡቲ ወደብ ሌላ እንግዳ አለ፤ ከሕንድ አገር በመርከብ ተሳፍሮ የቀይ ባሕርን ወደቦች የያዘ አንገተ ግራጫ ቁራ ነው። ይህ ወፍ በደረሰበት ከተማ ሁሉ የሌሎችን ወፎች ዕንቍላልና ጫጩት የሚበላ በመሆኑ፥ አንድ ቀን በመኪናችን መንገድ ወደ ላይ ቢመጣ አስቀድሞ ሊያየው የሚችለው ቁራን ከቁራ የሚለይ ተማሪ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሥራው ነው። ወፍ እንደ ሰው በአረማመዱና በልማዱ ይታወቃል። በአዋሽ ሜዳ ደማቅ ቀይ የሆነች፥ ራሷ አረንጓዴ ሰማያዊ፥ ጅራቷ መካከል ሁለት ቀጫጭን ላባ የረዘመላት ወፍ አለች፤ ንብ በል ከሚባሉት ወገን ናት። ንቧን በአየር ላይ ትይዝና ቅርንጫፍ ላይ ትቀጠቅጣታለች፤ መንደፊያዋንም አሽታ አውጥታ ትበላታለች። ይህች ወፍ በሜዳው ላይ በሚራመድ በአንድ ትልቅ ወፍ ጀርባ ላይ ተሳፍራ ትታያለች። የሚሸከማት ወፍ፥ ከሚበሩት የዓለም ወፎች ሁሉ እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ የሆነው ኮሪ የሚባለው ነው። እርሱ በእግሩ ሲራመድ ከሣሩ ፌንጣ ይነሣል፤ እርሷም ከጀርባው ተነሥታ ትለቅማለች። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለቱንም ወፎች ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም።

አራተኛው ነገር ስፍራና ሰዓት ነው። በበረሓችን የአሸዋ ቆቅ የምንላት፥ በምድር ላይ ስትሄድ ቆቅ፥ ስትበር ግን ርግብ የምትመስል ወፍ አለች። ቀኑን ሙሉ ብትፈልጓት ከድንጋዩ ለይታችሁ አታዩአትም። በማለዳ ውኃ ዳር ብትቀመጡ ግን ጓደኞቿን ይዛ ስትመጣ ታገኟታላችሁ። ወንዱ ውኃው ውስጥ ገብቶ የሆዱን ላባ ያርሳል፤ ያንንም እንደ ስፖንጅ ተሸክሞ ሩቅ በረሓ ላይ ላሉት ጫጩቶቹ ያደርስላቸዋል። በጀርባው አቁማዳ ተሸክሞ ውኃ የሚያመላልስ አባት በሰው ዘንድ ብቻ እንዳይመስለን።

አምስተኛው ነገር ድምፅ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይላሉ አበው፤ ይህም ተረት ለወፍ ተማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በግራር ዱር ውስጥ ቆማችሁ ከዛፍ ላይ በግ ሲጮኽ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ሆዱ ነጭ፥ ራሱ ላይ ጉትዬ ያለው ግራጫ ወፍ ነው። በአዋሽ ወንዝ ዳር ደግሞ ዓሣ በል ንስር ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚያሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው ወፉን ሳያይ ስሙን ሊናገር ይችላል።

ቀለም በመጨረሻ ይምጣ ያልሁበትን ምክንያት አሁን ልንገራችሁ። ቀለም የወፍ ልብስ ነው፤ ልብስም ይለወጣል። የደጋ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ» ይሉታል። በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ብዙዎቹ ግን ከአገር ወጥተው የሚመለሱ አይደሉም። ወንዱ በክረምት ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ የሰርግ ልብሱን ይለብሳል፤ በጋ ሲመጣ ያን አውልቆ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ተራ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ከፊታችን ነበረ፤ እኛ ግን በልብሱ ብቻ ስለምናውቀው ጠፋ እንለዋለን። ሰጎንንም ተመልከቱ፤ ወንዱ ጥቁር፥ ሴቷ ግራጫማ ቡናማ ናት። ከወንዶቹም መካከል አንገቱና ጭኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው የሶማሌ ሰጎን ይባላል፤ አንገቱ ቀላ ያለው ሌላው ነው። ሊቃውንት ዛሬ ሁለቱን እንደ ልዩ ልዩ ዓይነት ይቈጥሯቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሩቅ ማያ መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። መጻሕፍትም አሉ። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 በአዲስ አበባ አሳትመዋል፤ በ2009 ደግሞ ሬድማን፥ ስቲቨንሰንና ፋንሻው የአፍሪካን ቀንድ ወፎች ከነሥዕላቸው የያዘ መጽሐፍ አውጥተዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። መጽሐፉን አስቀድሞ የገለጠ ሰው ያየውን ሳይሆን ማየት የሚፈልገውን ያነባል። በደብተራችሁ ላይ «ማክሰኞ ጠዋት፥ አንድ ሰዓት፥ ከኬላው በስተ ምሥራቅ፥ ከርግብ ያነሰች፥ ጅራቷ የረዘመ፥ ፊቷ ጥቁር፥ መሬት ላይ የምትለቅም፥ ሁለት ሆነው» ብላችሁ ብትጽፉ ስሟን ባታውቁት እንኳ ሥራችሁን ሠርታችኋል። ስሙ ኋላ ይመጣል፤ ያልተጻፈ ነገር ግን አይመለስም።

ትንሽ ማስረጃ ምን ያህል እንደምትጠቅም አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1990 በደቡብ በነጭ ሣር ሜዳ ጥናት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች በመንገድ ላይ መኪና የገደለውን አንድ የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። ከወፉ ሊጠቅም የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ረግጦት ያልፍ ነበር፤ እነርሱ ግን ክንፉን ይዘው ሄዱና ከሚታወቁት ሁሉ ጋር አስተያይተው ከአንዱም ጋር እንደማይስማማ አረጋገጡ። በ1995 ዓለም የማያውቀው አዲስ ወፍ ተብሎ ስም ወጣለት፤ በላቲን የወጣለት ስምም «አንድ ክንፍ ብቻ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጓደኞቼ ሆይ፥ ከአዋሽ እስከ ገላፊ ያለው መንገድ ከነጭ ሣር መንገድ ይልቅ እጅግ ብዙ መኪና የሚያልፍበት ነው።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነገር ደርሻለሁ። እርሱም ጥንብ አንሣ ነው። ሰው ሁሉ ይጸየፈዋል፤ ስሙንም ለስድብ ይጠራዋል። ዳሩ ግን በከተማችን ቄራ አጠገብና በመንገዱ ዳር ጥንብ ባያነሣልን ኖሮ ሽታውንና በሽታውን ማን በቻለው ነበር? በእኛም አገር የሚገኘው ጥንብ አንሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ራሱ ቀይ፥ ቈዳው የተጨማደደ፥ አፉ እጅግ የወፈረ ነው፤ እርሱ ሲመጣ ሌሎቹ ከጥንቡ ገለል ይሉለታል። ሁለተኛው የላባው ጫፍ ነጣ ነጣ ብሎ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ሲሆን፥ በ1830ዎቹ አገራችንን በጐበኘው በጀርመናዊው በሩፔል ስም ይጠራል። ከዚህ ዓይነት አንዱ በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ሦስተኛው ትንሽ፥ ጥቁር ቡናማና አፈ ቀጭን ነው፤ በከተማ ጣራ ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው።

አራተኛው ነጩ አሞራ ነው። ፊቱ ቢጫና ላባ የሌለበት፥ አካላቱ ነጭ፥ የክንፉ ጫፍና ጠርዝ ጥቁር፥ ሲበር ጅራቱ እንደ ሽብልቅ የሾለ ነው። ፈረንጆች የግብፅ ጥንብ አንሣ ይሉታል። ልጁ ግን ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ቡናማ ነው፥ ነጭ ለመሆንም አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በቀለም ብቻ የሚለይ ሰው አባትና ልጅን ሁለት ልዩ ወፎች ያደርጋቸዋል፤ በጅራቱ ቅርጽ የሚለይ ሰው ግን አይሳሳትም። ይህ ወፍ ብልህ ነው። የሰጎን ዕንቍላል በአፉ መስበር ባቃተው ጊዜ ድንጋይ አንሥቶ እየወረወረ ይሰብረዋል። ይህን ጄን ጉዶልና ባለቤቷ ሁጎ ቫን ላዊክ በ1966 ጽፈው ለዓለም አስታውቀዋል።

በአካባቢያችን አንድ ሽማግሌ አርብቶ አደር «አባባ፥ ይህ ነጩ አሞራ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚኖረው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ጥቂቱ የእኛው ነው፤ ብዙው ግን በብርድ ወራት ይመጣል፥ ሙቀቱ ሲበረታ ይሄዳል» አሉኝ። እኒህ ሽማግሌ መጽሐፍ አላነበቡም። ነገር ግን የአውሮፓ ሊቃውንት በወፎቹ ጀርባ ላይ መሣሪያ አስረው በሳተላይት የደረሱበትን ነገር በዓይናቸው ብቻ ደርሰውበታል። በባልካን አገሮች የቀሩት ነጭ አሞሮች ጥቂት ደርዘን ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በኢትዮጵያ ነው። አፋር በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ነጭ አሞሮች በብርድ ወራት የሚሰበሰቡበት ምድር ነው። በቡልጋሪያ ያለ ገበሬና በሚሌ ያለ አርብቶ አደር ሳይተዋወቁ አንድ ወፍ በጋራ ያሳድጋሉ ማለት ነው።

ይህ ወፍ ከ2007 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል። ለጅብና ለውሻ የሚቀመጥ መርዝ ይገድለዋል፤ ኤሌክትሪክም ይገድለዋል። ሽቦ ላይ ብቻ የተቀመጠ ወፍ እንደማይጐዳ በፊዚክስ ትምህርት ተምረናል። ነገር ግን በሜዳችን ረጅም ዛፍ ስለሌለ ወፉ የሚያድረው በምሰሶ ላይ ነው። የብረት ምሰሶ ከምድር ጋር የተገናኘ ነው፤ አሞራው በመስቀለኛው ብረት ላይ ተቀምጦ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነውን ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ከነካ ኤሌክትሪኩ በገላው አልፎ ወደ ምድር ይወርዳል። የበለጠ የሚያሰጋው ሽቦው ለምሰሶው የቀረበበት ትንሹ መስመር ነው፤ በታላላቆቹ የብረት ማማዎች ላይ ሽቦዎቹ ተራርቀው ስለሚንጠለጠሉ አደጋው ያንሳል።

በጎረቤታችን በሱዳን፥ በፖርት ሱዳን አጠገብ፥ በ1950ዎቹ የተሠራ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከምሰሶዎቹ ሥር የነጭ አሞራ ሬሳዎች ተገኙ፤ በ2010 እንደ ገና የተመለከቱ ሰዎች ግድያው አለመቆሙን አረጋገጡ። በመጨረሻ በ2014 ያ መስመር ተዘጋ፥ ሽቦው በተሸፈነ ሌላ መስመርም ተተካ። ልብ በሉ፤ መስመሩን ያዘጋው ጩኸት አይደለም። ከምሰሶ ሥር ያለውን አጥንትና ላባ አይቶ «ይህ እንዲሁ አሞራ አይደለም፤ ይህ ነጩ አሞራ ነው» ብሎ ቈጥሮ የጻፈ ሰው ነው።

ያልቈጠሩ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ደግሞ ከሕንድ አገር እንማር። በሕንድ ጥንብ አንሣ ከመብዛቱ የተነሣ ማንም ልብ አይለውም ነበር። በ1990ዎቹ መቀነሱ ሲታወቅ ብዙው አልቆ ነበር፤ ከአንዱ ዓይነት ከመቶው ከ99 በላይ ጠፋ። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነበረ፤ መድኃኒቱን የወሰደች ላም ስትሞት ጥንቧን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ይበላሻል። በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ዳሩ ግን እስከዚያ ድረስ ወፉ የተወውን ጥንብ ውሾች ወረሱት፤ ውሾችም በዙ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ በዛ። በአገራችን በከተማ ጣራ ላይ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሣና የሩፔል ጥንብ አንሣ በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ገብተዋል። ዛሬ እንደ ልብ ይታያሉ ብለን ዝም ብንል፥ የሕንድ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ነበር።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ለጓደኞቼ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ዐሥር ወፍ ለይቶ ይወቅ። ዐሥር ብዙ አይደለም፤ በአራት ዓመት ግን አርባ ይሆናል፤ አርባ ወፍ ለይቶ የሚያውቅ ወጣት በየትም አገር ቢሄድ ዓይነ ስውር አይሆንም። ወንጭፉን እንተወውና እርሳሱን እንያዝ። በምሰሶ ሥር የሞተ ወፍ ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩት፥ ወደ ሽቦውም አትቅረቡ፤ ቀኑን፥ ስፍራውን፥ ቢቻል የምሰሶውን ቍጥር ጻፉና ለመምህራችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው ለመምህራኖቻችን ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ የወፍ መዝገብ ይከፈት። ከአዋሽ፥ ከገዋኔ፥ ከሚሌ፥ ከሎጊያ፥ ከሰመራና ከገላፊ የመጣን ልጆች በየዕረፍታችን ያየነውን በዚያ እንጽፍበታለን። ከ1966 ጀምሮ የቆመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እንዲህ ያለውን መዝገብ ቢያገኝ የሚንቀው አይመስለኝም። አንድ ዓመት የተጻፈ መዝገብ ደብተር ነው፤ ሃያ ዓመት የተጻፈ መዝገብ ግን ምስክር ነው።

ሦስተኛው ለወላጆቻችን ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፥ እናንተ የእያንዳንዱን ወፍ የአፋርኛ ስም፥ የሚመጣበትን ወራት፥ የሚያመለክተውን ዝናብና ውኃ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ያለው በአፋችሁ እንጂ በመጻሕፍት አይደለም። እኛ ስንጠይቃችሁ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትመልሱን፤ ንገሩን፥ እንጻፈው። በጎችን ለመጠበቅ ብላችሁም መርዝ አታስቀምጡ፤ መርዙ ጅቡን ብቻ ፈልጎ አይገድልም።

ምናልባት «ይህ ነገር በፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ በፈተና ላይ አይመጣም። ነገር ግን አይቶ መለየት፥ ለይቶ መጻፍ፥ ያላዩትን አየሁ አለማለት፥ እነዚህ በፈተናም በፍርድ ቤትም በሐኪም ቤትም የሚያስፈልጉ ናቸው። ወፎች ይህን ትምህርት ያለ ክፍያ ያስተምሩናል። እኛ ከእነርሱ የሚፈለግብን ነገር ቢኖር ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው።